ሳድሲት

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዕለትን የሚከፍሉት እኛ በለመድነው ሰዓትና ደቂቃ አይደለም። ለእነርሱ አንድ ዕለት፣ ሌሊቱም ቀኑም ተደምሮ፣ 60 ኬክሮስ ነው። አንዱ ኬክሮስ 60 ካልዒት ይሆናል፤ አንዲት ካልዒት 60 ሣልሲት፣ አንዲት ሣልሲት 60 ራብዒት፣ አንዲት ራብዒት 60 ኀምሲት፣ አንዲት ኀምሲት ደግሞ 60 ሳድሲት። አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ በጎንደር ከተማ ካሉት አድባራት በአንዱ ያገለገሉ ደብተራ ነበሩ። ይህን አከፋፈል ለልጅ ልጆቻቸው ሲነግሩን ቁጥር የሚቆጥሩ ሳይሆን ደረጃ የሚወርዱ ይመስሉ ነበር፤ በእያንዳንዱ ስም ላይ ድምፃቸውን ጥቂት ዝቅ እያደረጉ ይወርዱና ሳድሲት ላይ ሲደርሱ በሹክሹክታ ይጨርሱታል።

ወደ ዛሬው ልኬት ብንመልሰው ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው። ካልዒት 24 ሰከንድ ናት፤ አቡነ ዘበሰማያትን ረጋ ብሎ ለመድገም የምትበቃ። ሣልሲት 0.4 ሰከንድ ስትሆን ዓይን አንዴ ተርገብግቦ እስኪመለስ ያለችው ጊዜ ናት ማለት ይቻላል። ከዚያ በታች የሰው ስሜት አይከተልም። ራብዒት ከ7 ሚሊ ሰከንድ ጥቂት ታንሳለች። ኀምሲት 111 ማይክሮ ሰከንድ ናት። ሳድሲት 1.85 ማይክሮ ሰከንድ፤ ሰከንድን ሚሊዮን ቦታ ብንቆራርሰው ሁለት ቁራሽ እንኳ የማትሞላ። አፄ ፋሲል ጎንደርን ሲቆረቁሩ ይህችን ጊዜ ሊለካ የሚችል መሣሪያ በከተማይቱ ቀርቶ በዓለም ላይ አልነበረም። ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገቡ የሰፈራችን ጎረምሶች «የማይለካ ነገር ስም ቢወጣለት ምን ይጠቅመዋል?» እያሉ ይቀልዱ ነበር። አያቴ ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፉና፣ እኛ ብቻ ስንቀር፣ «ትርፍ አይጣልም» ይሉናል።

ትርፍ ያሉት የሒሳቡን ነው። የፀሐይ ዓመት 365 ዕለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ግን 15 ኬክሮስ ይተርፋል፤ ያ ትርፍ በ4 ዓመት አንድ ዕለት ሞልቶ ጳጉሜን 6 ያደርጋታል። መጻሕፍቱ ከዚያም በላይ 6 ካልዒት ትርፍ ይቆጥራሉ፤ ተጠራቅማ በ600 ዓመት አንድ ዕለት የምትሞላ። ስድስት መቶ ዓመት ጠብቆ የሚከፈል ዕዳ በመዝገብ መያዝ እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው! የጨረቃን ወር ለማስላት ሲነሡ ደግሞ ከካልዒትም በታች መውረድ ግድ ይላቸዋል። እነዚያ ደቃቅ ክፍሎች የተሰየሙት እንዲታዩ ወይም እንዲለኩ ሳይሆን ከሒሳቡ እንዳይጠፉ ነው። ፈረንጆቹ «ሰከንድ» የሚሉትም በላቲኑ «ሁለተኛ» ማለት መሆኑን ልብ ይሏል። ሰዓት አንዴ በ60 ሲከፈል የመጀመሪያው ደቃቅ ክፍል ደቂቃ፣ ዳግመኛ በ60 ሲከፈል ሁለተኛው ደቃቅ ክፍል ሰከንድ ተባለ። ካልዒትም ሁለተኛ ናት። በ60 መክፈልን ሁለቱም የወረሱት ከጥንት ባቢሎን ነው፤ ልዩነቱ እነርሱ ከሰዓት መጀመራቸው፣ የእኛዎቹ ከዕለት መነሣታቸውና እስከ ስድስተኛይቱ መውረዳቸው ነው።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ የእኅቴ ልጅ ነው። እርሱ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነው፤ ሥራው ከማከፋፈያ ጣቢያዎች ጋር ነው። ከከተማ ወጣ ስንል በአጥር ተከልለው የምናያቸው፣ ሽቦ ከየአቅጣጫው ገብቶባቸው ወደየአቅጣጫው የሚወጣባቸው፣ ትራንስፎርመር የሚያጓራባቸው ቦታዎች ማለቴ ነው።

«ጋሼ፣ የእኛ ሥራ እኮ ግማሹ ሰዓት ማስማማት ነው» አለኝ አንድ ቀን።

የግድግዳ ሰዓት መስሎኝ ሳቅሁ። እርሱ ግን አልሳቀም። «በሁለት ጣቢያ ያሉ መሣሪያዎች ከአንድ ማይክሮ ሰከንድ በላይ እንዳይለያዩ ነው የምንፈልገው» አለኝ።

የሱቅ ደረሰኝ ጀርባ ላይ አሰላሁት። አንድ ማይክሮ ሰከንድ የሳድሲት ግማሽና ጥቂት ትርፍ ነች። አያቴ በሹክሹክታ የሚጨርሷት፣ ማንም የማያያት ደረጃ! የእኅቴን ልጅ አላስተኛሁትም፤ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያስረዳኝ አመሸ። ከዚህ በታች ያለው እርሱ የነገረኝና እኔም በኋላ እያነበብሁ ያጠናሁት ነው።

መብራት ብለን የምንጠራው ነገር በሽቦ ውስጥ እንደ ውኃ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚፈስ አይደለም። በአገራችን በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይላል። አንዱ ምልልስ 20 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ይህም፣ ለማመን ቢቸግርም፣ ሳይጎድልና ሳይተርፍ 3 ራብዒት ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ይሁን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ፣ በአንድ መረብ እስከተያያዙ ድረስ ሁሉም ጄነሬተሮች ይህን ምት አንድ ላይ ይመታሉ። ማኅሌት የቆመ ያውቀዋል፤ ሁለቱ ረድፎች ፊት ለፊት ቆመው መቋሚያው አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ይወርዳል። አንዱ ቢያፈነግጥ ዜማው ይበላሻል። ጄነሬተር ግን ያለ ምቱ ከመረቡ ከተገናኘ የሚበላሸው ዜማ አይደለም፤ ዘንጉ ሊሰበር ይችላል።

ይህ ምት የአገር ድንበር አያውቅም። ከጎንደር ተነሥቶ በሸኸዲና በመተማ አልፎ ሱዳን ገዳሪፍ የሚደርስ የ230 ኪሎ ቮልት መስመር አለ፤ በ2000ዎቹ ዓ.ም. የተሠራ። ሱዳን ጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰች። ስለዚህ መተማ ላይ ከድንበሩ ወዲህ ጧት 2 ሰዓት ሲባል ከወዲያ ማዶ 7 ሰዓት ነው። ዓመተ ምሕረቱም፣ ወሩም፣ ቀኑም ለየብቻ ነው። ሁለቱ መረቦች በዚያ ሽቦ በተያያዙ ጊዜ ግን ራብዒታቸው አንድ ይሆናል፤ ይህን ማንም አዋጅ አላወጀውም። (ወደ ኬንያ የሚወርደው ረጅሙ መስመር እንዲህ አይደለም፤ ያ በቀጥተኛ ኮረንቲ ስለሚሠራ ኃይሉን እንጂ ምቱን አያጋራም።)

አሁን ወደ አጎቴ ልሂድ።

አጎቴ የመስመር ሠራተኛ ነበሩ። ብዙውን ዕድሜያቸውን የፈጁት ከጎንደር ወደ ሰሜን፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አቅጣጫ በሚወጣው የወገራ ደጋ ነው። ያን አገር በክረምት ያየ ሰው መብረቅ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ነጎድጓዱ ከስሜን ተራሮች በኩል እየተንከባለለ ይመጣል፤ ጉሙ ከገደሉ እንደ ጢስ ይወጣል፤ ከዚያ አንድ ብልጭታ፣ ከዚያ ከዳር እስከ ዳር ጨለማ። ወፍጮው ይቆማል። የጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ መሞቅ ይጀምራል። ሰው «መብራት ሄደ» ብሎ ኩራዙን ይፈልጋል፤ ለእኛ መብራት እንደ እንግዳ የሚመጣና የሚሄድ ነውና።

አጎቴ ግን የሄደበትን መፈለግ አለባቸው። ሁለት ቡድን ሆነው አንዱ ከዚህ ጫፍ፣ ሌላው ከዚያ ጫፍ ይነሣሉ። ጋቢ ደርበው፣ ዱላ ይዘው፣ ዓይናቸውን ሽቦው ላይ ተክለው፣ እግራቸው የገብስ ማሳ ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ ከማማ ወደ ማማ ይሄዳሉ። የሚፈልጉት የተበጠሰ ሽቦ ከሆነ ደግ ነው፤ ይታያል። ብዙ ጊዜ ግን በመብረቅ የተሰነጠቀ አንድ ስኒ ነው፤ ከታች ሆኖ ሲያዩት ከሌሎቹ የማይለይ። ገበሬውን ይጠይቃሉ፤ «መብረቁ ወደየት ወደቀ?» እርሱም በእጁ ማዶውን ሁሉ ያሳያቸዋል። አንድ ክረምት በጉም ውስጥ በተሰነጠቀው ስኒ ሥር ሁለት ጊዜ አልፈው በሦስተኛው፣ ጉሙ ሲገለጥ፣ እንዳዩት ሲያወሩ ሰምቻለሁ። በመካከሉ ሁለት ሌሊት አልፎ ነበር። ወደ ቤት ሲመለሱ የእግራቸው ጣት አብጦ ጫማ አላወልቅ ይላቸዋል፤ አክስቴ ለብ ያለ የጨው ውኃ በሳህን ይዘው ይጠብቋቸዋል።

እንግዲህ የእኅቴ ልጅ ከነገረኝ ሁሉ ከሆዴ የገባው ይህ ነው። መብረቅ መስመሩን ሲመታ ከተመታችው ቦታ ወደ ሁለቱም ጫፍ ማዕበል ይነሣል። ፍጥነቱ ከብርሃን ፍጥነት እምብዛም አያንስም፤ በአንድ ማይክሮ ሰከንድ 300 ሜትር ያህል ይሮጣል። በሁለቱ ጫፍ ባሉት ጣቢያዎች ማዕበሉ የደረሰበትን ቅጽበት የሚመዘግቡ መሣሪያዎች ከተተከሉ ቦታውን ማግኘት የመቀነስና የማካፈል ሒሳብ ብቻ ነው። ወደዚህ ቀድሞ ከደረሰ ወደዚህ ይቀርባል፤ በስንት እንደቀደመ ከታወቀ በስንት ሜትር እንደሚቀርብ ይታወቃል። መሐንዲሱ ስልክ ደውሎ «ወደ እንዲህ ያለው ማማ ሂዱ» ይላል። ጋቢ፣ ዱላ፣ ጭቃ እንዳለ ነው፤ ሁለት ሌሊት ግን የለም።

ይህ የሚሆነው ሁለቱ ሰዓቶች ከተስማሙ ነው። አንድ ማይክሮ ሰከንድ ቢለያዩ ቦታው 150 ሜትር ይሳሳታል። አንድ ሳድሲት ቢለያዩ 280 ሜትር ያህል፤ በትልልቆቹ መስመሮች በአንድ ማማና በቀጣዩ መካከል ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ 300 እና 400 ሜትር ነውና፣ ሳድሲት ማለት ከማማ ወደ ማማ ልትደርስ ጥቂት የቀራት ርምጃ ናት። አንድ ሚሊ ሰከንድ ቢለያዩስ? 150 ኪሎ ሜትር፤ ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር በአየር ካለው ርቀት የሚበልጥ። እንደዚያ ያለ ሰዓት አጎቴን ከገበሬው እጅ የተሻለ አይረዳቸውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ደነቀኝ። ለዚህ ሥራ ሰዓቶቹ እውነተኛውን ሰዓት ማወቅ አይጠበቅባቸውም። ሁለቱም በእኩል ቢዘገዩ፣ ሁለቱም አብረው ቢሳሳቱ፣ ስኒው በቦታው ይገኛል። አደጋው ለየብቻ መሳሳት ነው።

ቀደምቶቻችን እንዲህ ያለ ስምምነት አያስፈልጋቸውም ነበር። ሰዓትን በገዛ ጥላቸው ይሰፍሩ ነበር፤ ሰውየው ሜዳ ላይ ቆሞ የጥላውን ርዝመት በእግሩ ይለካል፣ በየወሩ ጥላው ስንት ጫማ ሲሆን ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚያሳይ ሠንጠረዥ በብራና መጻሕፍት ተጽፏል። ረጅም ሰው ረጅም ጥላ ቢኖረውም እግሩም ይረዝማልና ሰዓቱ ብዙ አይዛባም። ብልሃቱ ያስቀናል! ነገር ግን ጥላ የቆመበትን ቦታ ሰዓት እንጂ የሌላውን አይናገርም። ጎንደር ላይ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው ከአዲስ አበባ 5 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው፤ ከጂግጂጋ ደግሞ ከ20 ደቂቃ በላይ። ለጾመኛ 5 ደቂቃ ምንም አይደለም። ለመስመሩ ግን 300 ሚሊዮን ማይክሮ ሰከንድ ነው።

ታዲያ ተራራ የለያቸውን ጣቢያዎች ማን ያስማማቸዋል? ዛሬ በብዙ አገር ሥራውን የሚሠሩት ሳተላይቶች ናቸው። በጣቢያው ጣሪያ ላይ እንጉዳይ የመሰለች አነስተኛ ነጭ አንቴና ትተከላለች። ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ የሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች እያንዳንዳቸው የአቶም ሰዓት ተሸክመዋል፤ አንቴናዋ የእነርሱን ድምፅ ትሰማለች። እነዚያ ሰዓቶች ከምድር ርቀው፣ በፍጥነትም እየተጓዙ ስለሆነ፣ አንስታይን እንዳለው ከእኛ ሰዓት ጋር እኩል አይሄዱም፤ በዕለት 38 ማይክሮ ሰከንድ ይቀድማሉ። ይህም 20 ሳድሲት ያህል መሆኑ ነው። ሠሪዎቹ አስቀድመው አውቀው አስተካክለውታል። ትርፍ አይጣልም ማለት ይኸው አይደለምን?

ሌላው መንገድ በራሱ በመስመሩ ላይ ነው። ከማማዎቹ አናት ላይ ከመብረቅ የሚከልለው ሽቦ በብዙ መስመሮች ሆዱ ውስጥ የብርጭቆ ክር፣ ፋይበር፣ ይዟል። በዚያ ክር አንዱ ጣቢያ ለሌላው ሰዓት ይልካል። ችግሩ ግን ብርሃን በፋይበር ውስጥ አንዱን ኪሎ ሜትር ለመሄድ 5 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጅበታል። መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ «አሁን ይህ ሰዓት ነው» የሚለው መልእክት ሲደርስ 500 ማይክሮ ሰከንድ አርጅቷል። ፒቲፒ የሚሉት ዘዴ ይህን የሚፈታው በስሜን ገደል ማዶ ለማዶ እንደሚጣሩ እረኞች ነው። አንዱ ይጣራል፣ ሌላው ይመልሳል፤ ድምፁ ሄዶ እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ ለሁለት ሲካፈል መሄጃው ይታወቃል። መሄጃውና መመለሻው እኩል ካልሆኑ ግን ግማሹ ግማሽ አይሆንም፤ መልእክቱ በአንድ መንገድ ሄዶ በሌላ ከተመለሰ ሒሳቡ ይዋሻል። መሐንዲሶቹ ብዙ ሌሊት የሚያመሹት በዚህ ነው አለኝ የእኅቴ ልጅ።

ሰዓት ያለመስማማቱ ጉዳት ምን ያህል እንደሚደርስ ዓለም ያየው ነሐሴ 8 ቀን 1995 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዕለት በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ መብራት ጠፋበት። ጥፋቱ የጀመረው ኦሃዮ ውስጥ ሽቦ ከሥሩ ያልተመለመለ ዛፍ ነክቶ፣ ከዚያም አንዱ መስመር ሌላውን እየጣለ ነው። መርማሪዎቹ በሺህ የሚቆጠሩ መዝገቦችን ሰብስበው «ማን ቀደመ?» ብለው ሲጠይቁ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ሰዓታቸው የማይስማማ ሆነ። አንዱ መዝገብ በራሱ ሰዓት ቀድሞ፣ በጎረቤቱ ሰዓት ዘግይቶ ይገኛል። የትኛው ምክንያት፣ የትኛው ውጤት? ከመጨረሻው ዘገባቸው ምክሮች አንዱ መዝጋቢዎች ሁሉ በአንድ ሰዓት ይያያዙ የሚል ነበር። ለእኔ ይህ የመሐንዲስ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ዳኛ ፊት የቆሙ ሁለት ሰዎችም የሚከራከሩት ስለዚሁ አይደለም? ማን ቀድሞ እጁን እንዳነሣ።

ሰማዩም ቢሆን ሁልጊዜ አይታመንም። ጥር 17 ቀን 2008 ዓ.ም. አንድ ያረጀ የጂፒኤስ ሳተላይት ከአገልግሎት ሲወጣ በተፈጠረ ስሕተት ሌሎች በርካታ ሳተላይቶች 13 ማይክሮ ሰከንድ ያህል የተዛባ የሰዓት ማረሚያ ለሰዓታት አሠራጩ። ሰባት ሳድሲት መሆኑ ነው። ያን የተቀበለ ሰዓት በመስመሩ አንድ ጫፍ፣ ያልተቀበለው በሌላው ጫፍ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር። በሜዳ አገር 2 ኪሎ ሜትር ምንም ማለት አይደለም። ከዳባት ወዲያ፣ ወደ ሊማሊሞ በኩል፣ ሁለት ኪሎ ሜትር አንዳንዴ የግማሽ ቀን ቁልቁለትና የግማሽ ቀን አቀበት ነው። ስለዚህ ጥንቁቅ ሠሪ ጣቢያው ውስጥ ከሰማይ ሲለያይም ለጊዜው ራሱን ችሎ የሚሄድ ሰዓት ያኖራል። በሰው ሳተላይት ብቻ ተማምኖ መኖር እኔንም አይጥመኝም፤ ጥላ ቢያንስ የራስ ነበር።

አጎቴ ይህን ሁሉ ሳያዩ አረፉ። አያቴም ከእርሳቸው አስቀድመው። ያን ሌሊት ለእኅቴ ልጅ ከኬክሮስ እስከ ሳድሲት ያለውን በአያቴ አወራረድ አወረድሁለት። ስልኩን አውጥቶ 86,400 ሰከንድን ለ60 ስድስት ጊዜ አካፈለ፣ ዝም አለ፣ ዳግመኛ አካፈለ።

«ከሳድሲት ቀጥሎስ ጋሼ?»

«አያቴ እዚያ ላይ ነው የሚቆሙት።»

«ቢቀጥሉ ምን ይሏት ነበር?»

«ሳብዒት ይሏት ይሆናል።»

ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። 31 ናኖ ሰከንድ ይላል። ጣሪያ ላይ ያለችው ነጭ አንቴና ደኅና ሰማይ ካገኘች የምትሳሳተው በዚሁ ልክ ነው አለኝና ከደረሰኙ ጀርባ ላይ፣ ከእኔ ቁጥሮች ሥር፣ በራሱ እጅ «ሳብዒት» ብሎ ጻፈ።